አባቴ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጡ ወዲህ አጥርተው መስማትም ሆነ ሚዛናቸውን ጠብቀው መራመድ ተስኗቸዋል

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አባቴ ሁኔታ ሐሳባችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ዝርዝሩን ሳልናገር መልስ መጠየቅ ተገቢ ስላልመሰለኝ ጽሑፉ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

አባቴ የ71 ዓመት ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት እዚሁ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ስለነበር፣ ብረት ሲቀጠቀጥና ሞተር ሲሞከር ከሚሰማው ድምፅ ጋር አርጅተዋል፤ ከመታመማቸው በፊትም ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው የመስማት ልማድ ነበራቸው። ከሦስት ወር ገደማ በፊት አንጀታቸው ተበስቶ በድንገት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው በመግባቱም 23 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው ከረሙ፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ቀን የተነፈሱት በመሣሪያ ነው። ኩላሊታቸው ለጥቂት ቀናት ደክሞ ነበር፤ እጥበት ሳያስፈልገው ተመለሰ። ተስፋ ቆርጠን በነበረበት ሰዓት በሕይወት ስላወጡልን ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ዛሬም እናመሰግናለን።

ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ቁስሉ ደርቋል፣ ምግብ ይበላሉ፣ ክብደታቸውም እየተመለሰ ነው፤ ሲራመዱ ግን እግራቸውን አስፍተው እንደ ሕፃን ልጅ ይወላገዳሉ። «መሬቱ አይጨበጥልኝም፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የምሄድ ይመስለኛል» ይሉኛል። ቤት ውስጥ በቀን ግድግዳ እየያዙ ደህና ይሄዳሉ፤ ሲመሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ግን አንድ እርምጃ መራመድ ይፈራሉ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ፊታቸውን በሳሙና ሲታጠቡ፣ ዓይናቸውን በጨፈኑበት ቅጽበት ወደ ፊት ተደፍተው ግንባራቸው ከቧንቧው ጋር ተጋጨ። እኔ ፎጣ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ምንም የገፋቸው ወይም ያንሸራተታቸው ነገር አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። በራችን ፊት ለፊት ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ቆመው ሲያዩት አጥርተው ያነቡታል፤ እየተራመዱ ሲያዩት ግን ፊደሎቹ እንደሚዘሉባቸው ነግረውኛል። የመስማታቸውም ነገር ከበፊቱ ብሷል። «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የምትይው ግን አይገባኝም» ይላሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ንግግር ጨርሶ መለየት አቅቷቸዋል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ እንደ ፌንጣ ያለ ጩኸት እንደሚሰማቸው ይናገራሉ።

በአቅራቢያችን ወዳለ ጤና ተቋም ወስጃቸው የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ተደርጎላቸው ደህና ነው ተባለ። ከረጅም ሕመም የመጣ ድካም ነው ተብሎ የማዞር መድኃኒት ለአንድ ወር ታዘዘላቸው፤ እርሱም ሲናሪዚን ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፣ መንገዳገዳቸው ግን አልቀነሰም። ጎረቤቶቻችን «ንፋስ መትቷቸው ነው» ይላሉ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል መተኛትና ጆሮ ምን እንደሚያገናኛቸው፣ ይህ ነገር ከጊዜ ጋር የሚተው መሆኑን፣ ለየትኛውስ ሐኪም ማሳየት እንደሚገባኝ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ።

ነርስ ዘሐረር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ። ሐረር ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ዓመታት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ምርመራውን ለሐኪሞች ትቼ፣ በክፍሉ ውስጥ የታማሚው ጆሮ ምን እንደሚያጋጥመው የማውቀውን ልንገርሽ፤ ምክንያቱም እኛው ባለሙያዎቹ እንኳ ዘወትር የምንዘነጋው ጉዳይ ነው።

እዚያ የተኛ ሰው ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱና ሽንቱ በየሰዓቱ ይለካል፤ ጆሮውን የሚያይለት ግን የለም። በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ይገባለታል፤ ቱቦው ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘውን ቀጭን መተላለፊያ አፍ ያሳብጠዋል። ታማሚው በማደንዘዣ ስለተኛ ምራቁን አይውጥም፣ አያዛጋም፤ ስለዚህ መተላለፊያው ሳይከፈት ይቆይና ከታምቡሩ በስተኋላ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የጆሮ ኩክም በጀርባ ተኝቶ ለሳምንታት ለቆየ ሰው ይደርቅና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እነዚህ ሁለቱ የሚድኑ ናቸው፤ ማንም ካላየላቸው ግን ታማሚው በጥጥ እንደታሸገ ጆሮ ይዞ ይከርማል።

በዚህ ላይ የክፍሉን ጫጫታ ጨምሪበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በሕሙማን መኝታ ክፍል ያለው አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚለካው ግን በአብዛኛው ከ50 በላይ ነው። የመተንፈሻ መሣሪያው ደወል፣ የመድኃኒት ፓምፑ ጩኸት፣ የእኛ የፈረቃ ርክክብ ወሬ አንድ ላይ ይሆናል። ይህ ድምፅ በራሱ ጆሮ አያደነቁር ይሆናል፤ እንቅልፍ መንሳቱና ለታማሚው የሚነገረውን ቃል መዋጡ ግን አይቀርም።

አንድ ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። አንዲት እናት ከመተንፈሻ መሣሪያ ከተላቀቁ በኋላ ስንጠራቸው አይመልሱም፣ ስንነካቸው ይደነግጣሉ፣ ቱቦአቸውን ለመንቀል ይታገላሉ። ተቃዡ ብለን እጃቸውን በፋሻ አሰርን። ልጃቸው ለጥየቃ ገብታ በግራ ጆሮአቸው በኩል ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ አናገረቻቸው። ወዲያው ዓይናቸውን ገልጠው መለሱላት፤ ውኃም ጠየቁ። የቀኝ ጆሮአቸው ከድሮም አይሰማም ኖሯል፤ የእኛ መቆሚያ ደግሞ በቀኝ በኩል ነበር፣ የምናናግራቸውም በአማርኛ ነበር። እጃቸውን ስፈታ ያፈርኩት ዛሬም ይሰማኛል። በእኛ አካባቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ የሚናገሩ ሰዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ አንድ ሰው አልመለሰም ማለት አእምሮው ታውኳል ማለት ብቻ አይደለም። አስታማሚ ሆናችሁ የምትገቡ ሁሉ ታማሚው ከመታመሙ በፊት በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማና በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ለነርሷ ንገሯት። መነጽርና የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ካለውም ከሰዓቱና ከቀለበቱ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ወደ ቤት እንዳይሄድ አደራ።

አባትሽን በሚመለከት ግን፣ የኢንፌክሽኑና የኩላሊቱ ነገር አንድ ጥያቄ ያስነሳብኛል። ሲወጡ የተሰጣችሁን የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ፈልጊና ጄንታማይሲን ወይም አሚካሲን የሚል የኢንፌክሽን መድኃኒት ስንት ቀን እንደተሰጣቸው፣ ላሲክስ የሚባለው ሽንት አሸኚ መድኃኒትም ተሰጥቷቸው እንደሆነ ተመልከቺ።

የአንገት በላይ ሐኪም

ውድ ጠያቂ፣ አባትዎን በአካል ሳላይ የበሽታቸውን ስም ልሰጥ አልችልም። ይሁን እንጂ በጥንቃቄ የጻፉት ዝርዝር ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል፤ በተለይም ዓይናቸውን ሲጨፍኑ መውደቃቸው፣ ሲራመዱ ፊደል መዝለሉ፣ እንዲሁም ድምፅ እየተሰማቸው ቃሉን አለመለየታቸው። ነርሷ የጠቆመችው መድኃኒት ከወረቀቱ ላይ ከተገኘ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የውስጥ ጆሮ ጉዳት ነው።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሦስት ቦታ በሚመጣ መረጃ ነው፤ ከዓይን፣ ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ከውስጥ ጆሮ። የውስጥ ጆሮው ሥራውን ካቆመ ሰውየው በዓይኑና በእግሩ ተደግፎ ይቆማል። ዓይኑን በጨፈነ ጊዜ የሚቀረው እግሩ ብቻ ነው፤ አሸዋ ወይም ፍራሽ ላይ ሲቆም ደግሞ እግሩም ይከዳዋል። የቧንቧው አደጋና የጨለማው ፍርሃት ከዚህ የሚመጡ ናቸው። የፊደሎቹ መዝለልም ምንጩ ያው ነው። ጭንቅላታችን በተነቃነቀ ቁጥር የውስጥ ጆሯችን ዓይናችንን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንቀሳቅሰዋል፤ ለዚህም ነው እየሄድን ጽሑፍ ማንበብ የምንችለው። ይህ ሲጠፋ እያንዳንዱ እርምጃ ምስሉን ያናውጠዋል። ጉዳቱ በሁለቱም ጆሮ በአንድነት ስለሚደርስም ዓለም ዙሪያውን አይሽከረከርባቸውም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በድካም ይሳበባል።

ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱን የወሰዱ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መንገዳገድ እንደጀመሩ ሐኪሞች አስተውለዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። መድኃኒቱ በውስጥ ጆሮ ውስጥ ድምፅንና እንቅስቃሴን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ውስጥ ዘልቆ ይገድላቸዋል። እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ጆሮ የመስሚያ ክፍል ውስጥ 15,000 ያህል ናቸው፤ በወፎች ተመልሰው ይበቅላሉ፣ በሰው ግን አይበቅሉም። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ይበልጥ የሚጎዱት የሚዛኑን ክፍል ነው፤ አሚካሲንና ካናማይሲን ደግሞ የመስሚያውን። የመስሚያው ክፍል ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አናባቢዎቹ ይሰማሉ፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ግን ይደበዝዛሉ። የልጅ ልጃቸው ንግግር የራቃቸው ለዚህ ይመስለኛል። በጋራዡ ድምፅ ቀድሞ የተጎዳ ጆሮም ለተጨማሪ ጉዳት የሚተርፈው አቅም አነስተኛ ነው።

የኩላሊቱ ነገር ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነውና ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ላሲክስ አብሮ በደም ሥር ሲሰጥ ጉዳቱ ይከፋል። ከውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ከደም ይልቅ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ ጉዳቱ መርፌው ከቆመ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል። ደግሞም አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሚዛኑን ማጣቱን የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም፤ የሚያውቀው ለመቆም ሲሞክር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሰው እግሩ እንደዛለ አድርጎ ያስባል። እኔን ዘወትር የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

ይህን ስጽፍ ግን መድኃኒቱን የሰጡትን ባልደረቦቼን ለመውቀስ እንዳይመስልብኝ። ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ጄንታማይሲን ርካሽና ፍቱን ነው፤ አባትዎ ዛሬ ስለ አሸዋው የሚያወሩት ምናልባት እርሱ ስለተሰጣቸው ሊሆን ይችላል። ሊደረግ የሚገባው የቀኑን ብዛት ማሳጠር፣ መጠኑን በየጊዜው በሚለካ የኩላሊት ውጤት ማስተካከል፣ በቀን አንድ ጊዜ መስጠትና ታማሚው ሲነቃ ስለ ጆሮው መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ አንገት በላይ ስፔሻሊስት ይውሰዷቸው። በመጀመሪያ ጆሯቸው ታይቶ ኩክና ፈሳሽ አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ ቱኒንግ ፎርክ በሚባለው፣ ሲመቱት በሚነዝር ሹካ መሰል ብረት ብቻ እንኳ ችግሩ የውጭና የመካከለኛው ጆሮ ነው ወይስ የውስጡ የሚለውን በደቂቃዎች ውስጥ መገመት ይቻላል። ቀጥሎ የመስማት መጠን በመሣሪያ ይለካ። የሚዛኑን ክፍል ለመፈተሽ ሐኪሙ አፍንጫውን እንዲያተኩሩበት ነግሯቸው ጭንቅላታቸውን በትንሹ ግን በፍጥነት ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ዓይናቸው ከአፍንጫው ላይ ሸሽቶ ዘልሎ ከተመለሰ የውስጥ ጆሮው አልሠራም ማለት ነው። ይህ ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጻፈ ሲሆን ከሐኪሙ ሁለት እጅ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ አንገት ስለሚነካ ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩት። የደም ግፊታቸውም ተኝተው እያሉ፣ ከዚያም ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለመንገዳገዱ አንዱ ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ በቂ ላልጠጣ አዛውንት ይህ የተለመደ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ ለሰከንዶች የሚሽከረከርባቸው ከሆነ ደግሞ በውስጥ ጆሮ ውስጥ ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቀው ሊሆን ይችላል። ረጅም ጊዜ ተኝተው በቆዩ ሰዎች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ይታከማል።

ሲናሪዚንን በሚመለከት፣ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚጠቅሙት ዓለም በሚሽከረከርበት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ለሳምንታት ሲወሰዱ አንጎል በዓይንና በእግር መተማመንን እንዳይማር ያዘገዩታል፤ ያስተኛሉም፤ ለአዛውንት ደግሞ ሌላ የመውደቅ ምክንያት ይሆናሉ። በራስዎ ውሳኔ ሳይሆን ያዘዘውን ሐኪም አነጋግረው እንዲቆም ይጠይቁ። በድንገት አንድ ወገን መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

የሳቢያን ነዋሪ

ዶክተር፣ ለትምህርቱ እናመሰግናለን። እኔ ከብዙ ዓመት በፊት ከባድ ወባ ይዞኝ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ሲሰጠኝ ጆሮዬ ለቀናት ሲጮህና ሲደነቁር አስታውሳለሁ። እርሱም ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የአንገት በላይ ሐኪም

ኩዊኒንም ጆሮ ያስጮሃል፣ መስማትም ይቀንሳል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቆም ጆሮው በአብዛኛው ይመለሳል። ለከባድ ወባ ዛሬ በቅድሚያ የሚሰጠው የአርቴሱኔት መርፌ ስለሆነ ይህ እየቀነሰ መጥቷል። ወባ ካነሳን አይቀር፣ በማጅራት ገትር ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች የልጃችሁን የመስማት ምርመራ ከሆስፒታል ሳትወጡ ወይም በወጣችሁ በሳምንታት ውስጥ አስደርጉ። ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ የዘገየ ምርመራ ልጁ በቀዶ ሕክምና በሚተከል የመስሚያ መሣሪያ የመጠቀም ዕድሉን ሊያጠፋበት ይችላል።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ወረቀቱን አገኘሁት። ጄንታማይሲን ለ11 ቀን፣ ላሲክስ ደግሞ ለአምስት ቀን ተሰጥቷቸዋል፤ ኩላሊታቸው የደከመውም በዚያው መካከል ነው። ወረቀቱ ለሁለት ወር በአልጋቸው ራስጌ በፌስታል ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማንም ገልጦ አላየውም፣ እኔም ጭምር። አሁን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። የአባቴ ታናሽ ወንድም በወጣትነታቸው ለሳንባ ነቀርሳ መርፌ ተወግተው መስማት እንዳቆሙ እናቴ ነገረችኝ። ይህ በዘር የሚመጣ ነው? እኛ ልጆቹስ?

የአንገት በላይ ሐኪም

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ለእነዚህ መድኃኒቶች ጆሮን እጅግ ስሱ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ አለ፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ በተለመደው መጠን፣ አንዳንዴም በጥቂት መርፌ ብቻ መስማት ሊጠፋ ይችላል። ለውጡ የሚተላለፈው በእናት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ አባትዎ ቢኖርባቸው እንኳ ለእናንተ አያስተላልፉም። አጎትዎ ከአባትዎ ጋር በእናት አንድ ከሆኑ ግን ልትጠነቀቁላቸው የሚገቡት የአባትዎ እህቶችና የእነርሱ ልጆች ናቸው። አጎትዎ የተወጉት ስትሬፕቶማይሲን ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ግን ያለ ምንም የዘር ምክንያትም ጆሮ ስለሚጎዳ፣ የሁለት ሰው ታሪክ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የሆነው ሆኖ አክስቶችዎ ሆስፒታል በገቡ ቁጥር ይህን ታሪክ እንዲናገሩ ያድርጉ።

የጁገሏ መምህርት

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ለአባትሽ ሙሉ ጤና ይስጣቸው። እኔ የ46 ዓመት መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከወሊድ በኋላ በመጣ ኢንፌክሽን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ ከወጣሁ በኋላ የደረሰብኝ በአባትሽ ላይ የደረሰው ነው፤ የፊት መታጠቡን ነገር ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

የምኖረው ሐረር ጁገል ውስጥ ነው። የጁገልን መተላለፊያዎች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠባብ ናቸው፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ይህ ለእኔ ችግርም መድኃኒትም ሆነኝ። ግራና ቀኝ ግንብ ስላለ እጄን በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ እያሳረፍኩ እሄድ ነበር፤ መዳፌ ነጭ ሆኖ ወደ ቤት እገባ ነበር። ጣቴ ግድግዳውን በትንሹ መንካቱ ብቻ ቀጥ ብዬ እንድሄድ ያደርገኛል፤ ክብደቴን መጣል እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ሜዳማው ፈረስ መጋላ ስደርስ ግን የሚያዝ ነገር ስለሌለ እቆም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሰዎች ሲያዩኝ ምን ይላሉ ብዬ ከቤት አልወጣም ነበር፤ ያ ጊዜዬን አባከነብኝ። ዛሬ ከሸዋ በር እስከ ጊድር መጋላ ብቻዬን ሄጄ ዕቃ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሲመሽ ግን ዛሬም ያለ ባትሪ አልወጣም። ጫማዬ ስስ ሶል ያለው፣ ጠፍጣፋና ተረከዙን የሚይዝ ነው፤ ወፍራምና ለስላሳ ሶል እግሬ ድንጋዩን እንዳይሰማው ያደርግብኛል።

ስለ መስማት ደግሞ፣ የሰፊዎቹን መንገድ መኪና ግርግርን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ቀድሞ እዚያ ቆሜ ከሰፊዎቹ ጋር ዋጋ እከራከር ነበር። አሁን በመኪኖቹ መካከል የሰው ቃል ከቶ አይለይልኝም፤ ስለዚህ ጨርቄን ይዤ ሰፊውን ወደ ጥግ እጠራዋለሁ። ቤተሰቦቼን ያስተማርኳቸው መጀመሪያ በስሜ እንዲጠሩኝ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃን እንዲያዞሩና እንዳይጮሁ ነው። መጮህ አናባቢውን ያጎላዋል እንጂ የጠፋብኝን ፊደል አያመጣውም። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ጫታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ሲያወሩ ከንፈራቸውን ማንበብ ስለማልችል፣ አሁን ያለ ኀፍረት «እባካችሁ ድገሙልኝ» እላለሁ። አባትሽ ዝም ካሉ የገባቸው እንዳይመስልሽ። እኔም ከአንድ ዓመት በላይ ያልገባኝን እየሰማሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ዛሬም ይከብደኛል። ከፊት ወንበር ተቀምጬ ዓይኔን ከሩቅ ተራራ ላይ ካላነሳሁ መድረስ እችላለሁ፤ ስልኬን ካየሁ ግን አበቃልኝ።

ፊዚዮቴራፒስት

መምህርት የተናገሩት ሁሉ በሥራዬ ላይ የማየው ነው። የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱም፤ አንጎል ግን በቀሩት ሁለት መረጃዎች መተማመንን ይማራል። ይህን የሚማረው በመንቀሳቀስ ብቻ ነው፣ ጊዜውም በወራት ይቆጠራል። ከሁሉ በፊት ግን የአባትዎን እግር የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ የእግሩ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል፤ መዳፋቸው መሬቱን በደንብ የማይሰማው ከሆነ ሥልጠናው በሌላ መንገድ ይጀመራል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ይህን ያድርጉ። አንድ ፊደል በትልቁ በወረቀት ጽፈው በዓይናቸው ትይዩ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከፊደሉ ሳይነቅሉ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያንቀሳቅሱ፤ ፊደሉ መደብዘዝ እስከሚጀምርበት ፍጥነት ድረስ ብቻ። አንድ ደቂቃ፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ። መጠነኛ የማዞር ስሜት ይኖራል፤ ከእረፍት በኋላ ቶሎ ከተወ አያስፈራም። መቆሙ ሲለመድ ከኋላቸው የግድግዳ ጥግ፣ ከፊታቸው ወንበር አድርገው በዚያ መካከል ያቁሟቸው፤ ቢያጋድሉ የሚያርፉበት አይጠፋም። እርስዎም አጠገባቸው ይሁኑ።

ፊታቸውን ተቀምጠው ይታጠቡ፤ ወይም አንድ እጃቸው ሁልጊዜ ጠርዙን ይያዝ። ከመኝታቸው እስከ መጸዳጃ ድረስ ሌሊት የሚበራ በቻርጅ የሚሠራ መብራት ያኑሩ፤ ምንጣፉንና የተዘረጋውን ገመድ ያንሱ። መሰላልና ጣሪያ ላይ መውጣት የተከለከለ ነው። ወደ ወንዝም ሆነ ወደ መዋኛ ብቻቸውን አይግቡ፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን የጨፈነ እንዲህ ያለ ሰው ላይና ታቹን መለየት ይሳነዋል።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመጪው ሐሙስ የአንገት በላይ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ሲናሪዚኑን ያዘዙትን ሐኪም አነጋግሬ አቁመነዋል፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ቀን ማንቀላፋታቸው ቀንሷል። ፊደሉን ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ፤ አባቴ ራሳቸው «በ» ይሁን ብለው መረጡ፤ የባቡር «በ» ናት አሉኝ። ትናንት ማታ የጻፋችሁትን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ስላልተከተሉኝ ስልኩን ሰጠኋቸውና መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ሲጨርሱ «እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነበር» አሉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ለሐሙሱ ቀጠሮ ከወረቀቱ ሌላ ምን ልያዝ?

የአንገት በላይ ሐኪም

የመጨረሻውን የክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤት ይያዙ፣ አሁን የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘው ይሂዱ። ውድቀታቸው የት፣ በስንት ሰዓትና በምን ብርሃን እንደነበረ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከሐኪሙ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ በካርዳቸው ፊት ላይ በጉልህ «ከጄንታማይሲን በኋላ የውስጥ ጆሮ ጉዳት» ተብሎ እንዲጻፍላቸው ነው፤ ይህም ምርመራው ከተረጋገጠ ነው። ነገ በሌላ ኢንፌክሽን ሌላ ከተማ ሌላ ሆስፒታል ቢገቡ፣ የሚያክማቸው ሰው ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ያንን ቤተሰብ መድኃኒት እንዳይሰጣቸው ያግዘዋል። ሁለተኛው፣ የመስማት ልኬቱ አሁን ከተሠራ በኋላ ከሦስት ወር ገደማ ቆይቶ እንዲደገም ነው። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ከታዘዘላቸው ግን ሦስቱን ወር አይጠብቁ፤ እስከዚያ ከልጅ ልጃቸው ጋር ያወሩበታል።